እንቅስቃሴ የሚለይ የመብራት መቆጣጠሪያ
ለቢሮና ለኮሪደር ጣሪያ የተሠራ፤ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ
ፕላስቲክ፣ የኢንፍራሬድ ሴንሰር፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ

ነጩን ጉልላት ቀረብ ብለው ይመልከቱት፤ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ሌንሶች ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ ሌንስ የክፍሉን አንድ ቁራጭ ይጠብቃል። ገላችን ለዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር ዘወትር ያወጣል። ሰው ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሻገር በውስጥ ያለው ሴንሰር የሙቀቱን መለዋወጥ ይለይና መብራቱን ያበራል። ሳይንቀሳቀስ የሚያነብ ሰው ግን ጨለማ ሊወርድበት ይችላል።

የዕቃው ብልሃት ያለው በትንሿ የሰዓት መዘውር ላይ ነው። ሰው ከወጣ በኋላ መብራቱ ስንት ደቂቃ ይቆይ? መልሱ እንደ አምፖሉ ይለያያል። አጠገቡ ያለውን የፍሎረሰንት አምፖል ይዩ፤ ጫፎቹ ጠቁረዋል። በተለኮሰ ቁጥር ኤሌክትሮን የሚያመነጨው የጫፉ ቅብ በጥቂቱ ይረግፋል፤ ሲያልቅ አምፖሉ አይበራም። ቶሎ ቶሎ ማጥፋት ኤሌክትሪክ ቢቆጥብም የአምፖሉን ዕድሜ ያሳጥራል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለትንንሾቹ ፍሎረሰንቶች የሰጠው ምክር ሚዛኑን ያሳያል፦ ከ15 ደቂቃ በላይ የሚወጡ ከሆነ ያጥፉ፤ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይተዉት።

ኤልኢዲ ይህን ጭንቀት አቅልሎታል። መብራቱና መጥፋቱ ዕድሜውን አይጎዳውምና መዘውሩን ወደ አጭሩ ጊዜ ማዞር ይቻላል። ባዶ ክፍል ውስጥ የሚበራ መብራት ለማንም አይጠቅምም፤ ይህች ትንሽ ዕቃ የተሠራችው ያን ብክነት ለማስቀረት ነው።