194,313፦ የዐቢይ ቀመር ቁጥር

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ በባሕረ ሐሳብ አቈጣጠር ዘመኑ 7382 ዓመተ ዓለም፣ የ14ኛው ዐቢይ ቀመር 466ኛ ዓመት ነበር።

አንድ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት፣ በዕለት ሲቈጠር 194,313 ነው። የአራቱ ወንጌላውያን ዘመን የሚፈጀው 1,461 ዕለት በዚህ ቁጥር ውስጥ 133 ጊዜ ይገኛል፤ 133ም 7 በ19 ተባዝቶ የሚገኝ ነው። 7ቱ የሳምንቱን ዕለታት፣ 19ኙ የጨረቃን ዙር ይመልሳሉ። 1,461 ዕለት ለ7፣ አራቱ ዓመትም ለ19 ያለ ቀሪ ስለማይካፈል፣ ሦስቱ ዙሮች ከዚህ ባነሰ ቁጥር አብረው አይገጥሙም። በገጠሙ ጊዜ ግን የፋሲካ ተራ እንደ ጥንቱ ይጀምራል።

14ኛው ቀመር በ1948 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ 15ኛው በ2480 ዓ.ም. ይፈጸማል። ከየካ ሚካኤል እስከ እንጦጦ ራጉኤል ምእመናን የሚጾሙት ዐቢይ ጾም መግቢያው የሚታወቀው በዚሁ ስሌት ነው፤ ቁጥሩ ቢሳሳት ጾሙም በዓሉም ከቀኑ ይወጣል።