ደጅ ጥናትና የቃል ፈተና፤ በየጁ ሰው ለሥራ የተመረጠበት መንገድ

የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ማን በየትኛው አገር ላይ እንደ ተሾመና እንደ ተሻረ ይመዘግባል። የተሾመው ሰው ከመሾሙ አስቀድሞ በማን ፊት እንደ ቆመ፥ ምን እንደ ተጠየቀና ስንት ጊዜ እንደ ጠበቀ ግን እምብዛም አይናገርም። ዛሬ በወልድያ፥ በመርሳና በቀረው የሀብሩ ወረዳ ሥራ የሚፈልገው ወጣት የሚቀርብበት የቃል ፈተና፥ በአሁኑ አጠራር ቃለ መጠይቅ የሚባለው፥ ከውጭ አገር የተቀዳ ሥርዓት ብቻ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ሰውን በአካል አቁሞ፥ ንግግሩን ሰምቶና ጠባዩን ተመልክቶ መመዘን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ሁለት መንገዶች ነበሩት፤ አንደኛው በመኳንንቱ ደጅ፥ ሁለተኛው በሊቃውንቱ ጉባኤ። አዲሱ ፈተና ከሁለቱ የትኛውን እንደ ወረሰ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ደጅ ጥናት ነው። ከ1776 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዳግማዊ ራስ አሊ በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ድል እስከ ሆኑ ድረስ የየጁ መሳፍንት በጎንደር ነገሥታት ስም አገር ሲያስተዳድሩ፥ የሥልጣናቸው ማዕከል በትውልድ አገራቸው በየጁ ሳይሆን በደብረ ታቦር ነበር። ስለዚህ ከየጁ ተነሥቶ ከራሱ ዘንድ ሹመት የሚፈልግ ሰው የዋድላንና የጋይንትን ደጋ አቋርጦ፥ ስንቁን አስጭኖ መጓዝ ነበረበት። ከደረሰም በኋላ ወዲያው አይጠየቅም። ጧት ጧት በደጅ ይታያል፤ ጌታው ሲወጣ ይከተላል፤ በችሎት ቆሞ ሙግት ይሰማል፤ በግብር ላይ የሚገባውን ስፍራ ለይቶ ይቀመጣል፤ ዘመቻም ሲታወጅ ይዘምታል። ወደ ውስጥ ለመግባት የእልፍኝ አስከልካዩ ፈቃድ፥ ስሙን ለማስጠራት የአማላጅ አፍ፥ ፊት ለማግኘት እጅ መንሻ ያስፈልገዋል። በዚያ ዘመን በጎጃምና በበጌምድር የኖረው ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ በ1868 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ የመኳንንቱን ግቢ ሕይወት በሰፊው ገልጾታል።

ደጅ ጥናት ከንቱ ልማድ ብቻ ነበር ማለት ትክክል አይሆንም። ጌታው አገልጋዩን ለብዙ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ስለሚያየው፥ ታጋሽነቱን፥ ምስጢር ጠባቂነቱን፥ በሙግት ጊዜ የአንደበቱን ርቱዕነትና በጦር ሜዳ የልቡን ጽናት ለመመርመር ይችላል። ጥናት የሚለው ቃል ራሱ ዛሬ ለትምህርትና ለምርምር የሚያገለግለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገሩ በአንድ ቦታ ጸንቶ መመልከትን ይጠይቃልና። ጉድለቱ ግን ከጥቅሙ ይበልጣል። አንደኛ፥ ስንቅ የሌለውና አማላጅ ያላገኘ ሰው ችሎታው ሳይታይ ይመለሳል። ሁለተኛ፥ የምርጫው ምክንያት በጌታው ልብ ውስጥ ስለሚቀር፥ ያልተመረጠው ሰው ለምን እንደ ቀረ አያውቅም፤ አቤት የሚልበትም ስፍራ የለውም፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላልና። ሦስተኛ፥ በደጅ የወጣው ወጪ የሚመለሰው ከሹመቱ በኋላ ከባላገሩ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት የግለሰብን ስስት ብቻ ሳይሆን የዚህን አመራረጥ ሒሳብ ጭምር ያሳያል።

ሁለተኛው መንገድ በዚያው አካባቢ፥ ነገር ግን በሌላ ግቢ ይገኛል። ከወልድያ በስተምዕራብ የሚገኘው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። የቅኔ ተማሪ ዕውቀቱን የሚያሳየው በወረቀት አይደለም፤ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ አዲስ ቅኔ ያቀርባል፤ ስሕተቱም በዚያው ይታረማል። በየጁ በዳና የእስልምና ትምህርት ማዕከልም ደረሳው በሸኹ ፊት ኪታቡን ይቀራል፤ ብቁ ሆኖ ሲገኝ ለማስተማር የሚያበቃውን ኢጃዛ ይቀበላል። በሁለቱም ስፍራ ፈተናው የቃል ነው፤ መርማሪውም ትምህርቱን ራሱ የሚያውቅ ነው፤ የሚጠየቀውም ነገር ከሚሠራው ሥራ ጋር አንድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንድን ሞያ የፈጸመ ሰው አስመሰከረ ይባላል። ዛሬ የምስክር ወረቀት የምንለውም ስሙን ያገኘው ከምስክርነት ነው፤ አስቀድሞ ሰው ይሰጠው የነበረውን ቃል ወረቀት ወርሶታል።

ዘመናዊው አስተዳደር ሲመጣ ከእነዚህ ሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ ነበረበት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የመሥሪያ ቤቶቹ ስም አዲስ ሆነ፤ ወደ ሥራ የሚገባበት በር ግን ለረጅም ጊዜ የቀድሞው ደጅ ነበር። ይህ የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሥራ በዝምድናና በአማላጅ መሰጠቱ ቀርቶ በፈተና እንዲሆን የኖርዝኮትና የትሬቬልያን ሪፖርት የቀረበው በ1854 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር፥ ማለት የአይሻል ጦርነት በተደረገ በዓመቱ ነው። በኢትዮጵያ ይኸው አሳብ የሕግ መልክ የያዘው በትእዛዝ ቁጥር 23/1954 የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሲቋቋምና ደንቡ በ1955 ዓ.ም. ሲከተል ነው። በዚያን ጊዜ ወልድያ በወሎ ጠቅላይ ግዛት የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የማዕከላዊ መሥሪያ ቤት መቋቋም ለየጁ ወጣት ሁለት ፊት ነበረው፤ በአንድ በኩል ሹመት በችሎታ እንዲሆን ሕግ ወጣለት፤ በሌላ በኩል ደጁ ከደብረ ታቦር ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ እንጂ አልቀረበለትም። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ መመላለስ ደጅ ጥናት መባሉ የቃሉን ዕድሜ ያሳያል።

የቃል ፈተናው እንግዲህ በሁለቱ መንገዶች መካከል ቆሞአል። መልኩ የጉባኤ ነው፤ ጠያቂዎች ተሰብስበው ተወዳዳሪውን ይሰማሉና። ካልተጠነቀቁለት ግን በውስጡ ደጅ ጥናት ይገባበታል፤ ያውም የደጅ ጥናትን ረጅም ምልከታ ሳይዝ አድልዎውን ብቻ ይዞ። ጠያቂው የተወዳዳሪውን አገርና ዘመድ ጠይቆ፥ ደስ ያለውን ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ የሚመርጥ ከሆነ፥ የጥንቱ ራስ ከእርሱ የተሻለ ያውቅ ነበር። በዚህ ረገድ ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ በ2022 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ብዙ ምርምሮችን አጠቃለው ያወጡት ውጤት ይጠቅማል። ፈተናውና በኋላ የሚታየው የሥራ ውጤት ያላቸው ተዛምዶ ሲለካ፥ አስቀድሞ በተዘጋጀ ጥያቄና መመዘኛ የሚደረገው የቃል ፈተና 0.42፥ እንደ መጣ የሚደረገው ግን 0.19 ሆኖ ተገኝቶአል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ማሽላ በሚዘራበት በሀብሩ ቆላ ለግብርና ባለሞያ ሥራ የሚወዳደሩ ሰዎች ቀረቡ እንበል። ስለ ራስዎ ይንገሩን የሚለው ጥያቄ አንደበተ ርቱዑን ይጠቅማል። ማሳው በአቀንጭራ የተወረረበት ገበሬ ቢመጣ ምን ይመክሩታል የሚለው ግን ሥራውን የሚያውቀውን ይለያል። ይህ ጥያቄ ለሁሉም በአንድ ቃል ከቀረበ፥ በቂ መልስ የሚባለው አስቀድሞ ከተጻፈ፥ እያንዳንዱ ጠያቂ ከመመካከሩ በፊት ነጥቡን ለብቻው ከመዘገበና መዝገቡ ከተቀመጠ፥ ያልተመረጠው ሰው ለምን እንደ ቀረ ሊነገረው ይችላል። የተወዳዳሪውም ዝግጅት በዚህ ይለወጣል፤ አማላጅ መፈለግ ትቶ የማስታወቂያውን ቃል ያነባል፤ የሥራውን ዓይነት ይመረምራል፤ ከሠራው ውስጥ ምሳሌ ይመርጣል፤ የማያውቀውን አላውቅም ለማለትም ይደፍራል።

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው የቃል ፈተና ፍትሐዊነት ከዘመናዊነቱ የሚመነጭ አይደለም። የዋድላ መምህርና የዳና ሸኽ ተማሪያቸውን በቃል ሲመረምሩ የጠየቁት የሚያውቁትን፥ የመሰከሩትም ያዩትን ነበር። ዛሬ በወልድያና በመርሳ ሰው ለሥራ የሚመርጥ ኮሚቴ ሁሉ ይህን ምስክርነት ወርሶ እንደ ሆነ የሚታወቀው የወደቀው ተወዳዳሪ ምክንያቱን ሲጠይቅ በሚሰጠው መልስ ነው።