ተቆራኝቶ መበደር

ቁራኛ የሚለው ቃል ዛሬ የሚሰማው በአብዛኛው ስለ ሕመምተኛ ሲወራ ነው። ለወራት ከመኝታው ያልተነሣ ሰው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ይባላል። ቃሉ ግን የመጣው ከችሎት ነው። በቀድሞው ሥርዓት ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ፣ ዳኛ ፊት ቀርበው ነገራቸው እስኪቆረጥ ድረስ አንድ ላይ ይታሰሩ ነበር። ቀላሉ ማሰሪያ ሸማ ነበር። የአንዱ ነጠላ ጫፍ ከሌላው ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጠርና ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ወደ ችሎት ይጓዛሉ። ነገሩ ሲከብድ ሰንሰለት ይመጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ አዲስ አበባ የዘለቁ የውጭ አገር ሰዎች በሰንሰለት የተቆራኙ ባለዕዳዎችን ፎቶግራፍ አንሥተዋል።

በዚህ ልማድ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ነፃነቱን የሚያጣው ተበዳሪው ብቻ አለመሆኑ ነው። ያበደረውም ሰው ሥራውን ትቶ፣ ተበዳሪው በሄደበት እየሄደ፣ በቆመበት እየቆመ መዋል ነበረበት። ቋጠሮው ሁለቱንም ያንገላታል። ስለዚህ ሁለቱም ቶሎ መፍቻ ይፈልጋሉ፤ መፍቻው ደግሞ ዋስ ነበር።

ዋስ የሚሆነው ሰው በአገሩ የታወቀ፣ ርስት ወይም ከብት ያለው፣ ቢፈለግ የማይታጣ መሆን ነበረበት። ባለዕዳው ቢሰወር በእሱ ምትክ ዋሱ ይጠየቃል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር እስከ ዛሬ የሚጠየቀው «ተያዥ» ይህንኑ አሳብ በስሙ ተሸክሟል፦ ሌላው ሲያጠፋ የሚያዝ ሰው ማለት ነው። ዋስ ያገኘ ባለዕዳ ቋጠሮው ይፈታለታል፣ ወደ እርሻው ወይም ወደ ንግዱ ተመልሶ ዕዳውን ሠርቶ ይከፍላል። ዋስ ያጣ ግን እንደ ተቆራኘ ይቀራል። በዚያ ዘመን መጥፎ የብድር ታሪክ ማለት ይኸው ነበር፤ በወረቀት የተጻፈ ነገር የለም፣ ነገር ግን ሰውዬው ከዚህ ቀደም ምን እንዳደረገ ጎረቤቱም ገበያተኛውም ያውቃል፣ «ዋስ ጥራ» ሲባል የሚቆምለት መጥፋቱ ራሱ ፍርድ ነው። ከዚህ ፍርድ ማምለጫ ግን ነበረ። ሽማግሌ ይላካል፣ ቀጠሮ ይረዝማል፣ ከዕዳው ጥቂት ይማርለታል፣ ሰውዬውም በዓመት በሁለት ዓመት ስሙን ያድሳል። የሰው ትዝታ ክፉ ነገር ይይዛል፤ ሲታረቅ ደግሞ ይለቃል።

ወለድን በተመለከተ ፍትሐ ነገሥት የከለከለውን ገበያው ሲሠራበት ኖሯል። አራጣ አበዳሪ በየከተማው ነበረ፤ በገጠርም በክረምት እህል ተበድሮ በመኸር ጭማሪ አድርጎ መክፈል የተለመደ ነው።

የመጀመሪያው ባንክ የመጣው ዋስና ሽማግሌ የብድርን ነገር በያዙበት በዚህ አገር ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1897 ዓ.ም. ለግብፅ ብሔራዊ ባንክ በሰጡት የ50 ዓመት ፈቃድ መሠረት የአቢሲኒያ ባንክ በ500,000 ፓውንድ ካፒታል ተቋቋመና በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። የዘመኑ መገበያያ ማርያ ትሬዛ ብር ነበር። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 1,000 ብር ያለው ነጋዴ 28 ኪሎ ብር በበቅሎ ጭኖ ይሄዳል ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ገንዘቡን አስቀምጦ በወረቀት መንቀሳቀስ ትልቅ እፎይታ ነበር። ብድሩ ግን በመያዣና ባንኩ በሚያውቀው ስም የሚሰጥ ስለነበር፣ በአገር ሽማግሌ ፊት የተከበረው ገበሬ ወይም ቸርቻሪ በባንኩ መስኮት ፊት ስም አልነበረውም። የአቢሲኒያ ባንክ በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ፣ እሱም በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆኖ ለሁለት ተከፈለ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አብዛኛው ሕዝብ ከባንኩ ደጅ ውጪ ነበር።

ከደጁ ውጪ ያለው ሕዝብ የራሱን ባንክ ሠርቷል። ዕቁብ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ አባላቱ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ይጥላሉ፣ የተሰበሰበው ለአንድ ሰው ይደርሳል። የዕቁብ አሠራር ዋናው ብልሃት የሚታየው ዕጣው ከወጣ በኋላ ነው። የተጠቀለሉት ወረቀቶች በዕቃ ውስጥ ይናጣሉ፣ አንዱ ይወጣል፣ ስሙ ይነበባል፣ ደስታ ይሆናል፤ ገንዘቡ ግን ገና አይነሣም። ዳኛው ባለዕጣውን ዋስ ይጠይቀዋል። ቀድሞ የወሰደ ሰው መጣሉን ቢያቆም ኪሳራው ገና ዕጣ ባልደረሳቸው ላይ ስለሚወድቅ፣ ከአባላቱ መካከል የሚታመኑ ሰዎች ተነሥተው በመዝገቡ ላይ እስካልፈረሙለት ድረስ ብሩ ከገንዘብ ያዡ እጅ አይወጣም። መጣያ በማዘግየት የታወቀ ሰው ዕጣው በመጀመሪያው ሳምንት ቢወጣለት እንኳ ዋስ ፍለጋ ዓይኑን በዙሪያው ሲያንከራትት ይታያል። አንዳንዱ ዕጣውን ለሌላ ለቆ ወደ መጨረሻው ሳምንት ይገፋል፤ መጨረሻ ላይ የሚወስድ ሰው ብድር ሳይሆን የራሱን ቁጠባ ስለሚያነሣ ዋስ የሚያስጨንቀው ነገር አይኖርም። ስሙ የተበላሸ ሰው ሳይባረር፣ ሳይዋረድ፣ በማኅበሩ ውስጥ ሆኖ እምነቱን መልሶ የሚገነባበት ቦታ እንዲህ ተገኘ። ከዚህ የተሻለ መላ ያመጣ ባንክ የለም።

ሕጉ ዋስን ከልማድ ወደ አንቀጽ ያመጣው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ዋስትና በግልጽ መነገር አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰም ውሉ ዋጋ የለውም። ቀድሞ በመላ አካሉና በስሙ ይቆም የነበረው ዋስ በዚህ ድንጋጌ ልክ ተበጀለት። ተዋዋዮች የሚስማሙበት ወለድም ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው ሐረግም በየውሉ ላይ መስፈር ያዘ፦ ሁለት ሰዎች በአንድነትና በነጠላ ከገቡ አበዳሪው ሙሉውን ዕዳ ከፈለገው ላይ መጠየቅ ይችላል። የሸማው ቋጠሮ በቀለም ተተካ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይኸው ሕግ በትዳር ላይ ሲደርስ ሚዛኑ ያዘነብል ነበር። ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይላል፤ ከሚስት ደመወዝና ገቢ በቀር የጋራ ንብረቱን የሚያስተዳድረውም እሱ ነው። ስለዚህ ባል ስሙን ሲያበላሽ ሚስት በማታስተዳድረው ንብረት ላይ መዘዙን ትካፈላለች፤ ባል ስሙን ሲያሳምር ግን ያ ስም የእሱ ብቻ ነው። ይህ ኢፍትሐዊነት በወረቀት ላይ የታረመው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ሕጉ ባልና ሚስት ንብረታቸውን እኩል እንዲያስተዳድሩ አደረገ። እያንዳንዳቸው የሥራቸውን ገቢ ራሳቸው ተቀብለው በግል ወይም በጋራ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ እንደሚችሉም በግልጽ ተናገረ። በሌላ በኩል የአንዱ ዕዳ በግል ንብረቱ ካልተሸፈነ ወደ ጋራ ንብረቱ እንደሚሻገር ደነገገ፤ ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ ደግሞ የሁለቱም ነው። ባንኮች ብድር ለጠየቀ ሰው የጋብቻ ወይም የያላገባ ማስረጃ አምጣ የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

በባንክ ሒሳብ ረገድ ስምን ከሁሉ ይልቅ የሚያጎድፈው ቼክ ሆኖ ቆይቷል። አማርኛው ለዚህ ያወጣው ቃል ያማረ ነው፦ ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈ ቼክ «በቂ ስንቅ የሌለው» ይባላል፣ ስንቅ ሳይዝ መንገድ እንደ ወጣ ሰው። ድርጊቱ በ1949ኙም በ1996ቱም የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ደግሞ ይህን የደጋገመ ደንበኛ ሒሳቡ ይዘጋል፣ ስሙም ለሌሎች ባንኮች ይተላለፋል።

ባንኮች በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ ወዲህ እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ ስም ከባንክ ወደ ባንክ የሚተላለፍበት ብዙ ምክንያት አልነበረም፤ ሁሉም የመንግሥት ነበሩ። በ1986ቱ አዋጅ የግል ባንኮች ሲፈቀዱ ግን በአንዱ ያልከፈለ ሰው መንገድ ተሻግሮ ከሌላው መበደር ቻለ። በተመሳሳይ ዘመን የተስፋፉት የብድርና ቁጠባ ተቋማት መያዣ ለሌለው ሰው ጥንታዊውን መንገድ መረጡ፦ ጥቂት ጎረቤቶች በቡድን ይደራጃሉ፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፣ አንዷ ካልከፈለች የሌሎቹ ቀጣይ ብድር ይቆማል። ቋጠሮው ከሁለት ወደ አምስትና ስድስት ሰው ሰፋ። ብዙ ድሃ ሴቶች በዚህ መንገድ ሥራ ጀምረዋል፤ በታመመች ጎረቤት ዕዳ የተጨነቁም ጥቂት አይደሉም። ትላልቆቹ ባንኮች ደግሞ የተበዳሪን ታሪክ ከአንድ ማዕከል ወደ መጠየቅ ሄዱ። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የብድር መረጃ ቋቱን አሠራር ሲያደራጅ፣ አበዳሪው ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት የአመልካቹን የቀድሞ ብድር በኮምፒውተር ማየት የሚችልበት ሥርዓት ተጠናከረ።

ኮምፒውተሩ ግን በመጀመሪያ የተጋፈጠው የአገሩን ስም ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፣ ሲቸግር አያት ይጨመራል። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ እስከ አያት የሚመሳሰሉ ሰዎች ይገኛሉ፤ አንዱ ስም በአንዱ ቅጽ በ«ሀ»፣ በሌላው በ«ሐ» ይጻፋል፣ በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ ብዙ መልክ ያወጣል። በመንደር ትዝታ ዘመን ይህ አያሳስብም ነበር፣ ፊቱም አጥቢያውም ይታወቃልና። በመዝገብ ዘመን ግን ያልተበደረ ሰው የሌላውን ጉድፍ ሊሸከም፣ የተበደረም በስም ብዛት ውስጥ ሊሰወር ይችላል። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ የጸናው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በባንክ መስኮት የሚጠየቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዚሁ ሰሞን፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ቴሌብር በተባለው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት በኩል ያለ መያዣና ያለ ዋስ ትንንሽ ብድር መስጠት ተጀመረ። ዋሱ የተበዳሪው የስልክ አጠቃቀምና የቀድሞ አከፋፈሉ ነው።

የጋራ ሒሳብ ይህን ሁሉ ታሪክ በአንድ ቅጽ ላይ ያገናኛል። ቅጹ ላይ ሁለት የፊርማ ናሙናና አንድ ምርጫ አለ፦ ገንዘቡ የሚወጣው በአንዱ ፊርማ ነው ወይስ በጣምራ? ሁለት ሰዎች ተራ የቁጠባ ሒሳብ በጋራ ለመክፈት ሲመጡ፣ ከመካከላቸው አንዱ ያልተከፈለ ብድር ቢኖርበትም ብዙ ጊዜ አይታገዱም፤ ቆጣቢ ገንዘብ ያመጣል እንጂ አይወስድምና። ተንቀሳቃሽ ሒሳብና የቼክ ደብተር ሲጠየቅ ግን የሁለቱም ስም ይታያል፣ በስንቅ የለሽ ቼክ የተመዘገበው የንጹሑን ሰው ማመልከቻ ያሰናክላል። ብድር ሲጠየቅ ደግሞ ባልና ሚስት ከሆኑ በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ሁለቱም ስለሚፈርሙ የአንዱ ጉድፍ የሁለቱ ይሆናል። የፊርማው ምርጫ ከተጋቢዎች ሁሉ ይልቅ የሚከብደው የአንዳቸው ስም ለተበላሸባቸው ነው። በአንዱ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ለቤት ወጪ ይመቻል፣ ስሙ ያልተበላሸውን ግን ያጋልጣል። ጣምራ ፊርማ ያዘገያል፣ ነገር ግን ያለ ሁለቱ ፈቃድ ምንም አይወጣም። ዕዳውን የጨረሰ ሰው ከአበዳሪው ባንክ የክሊራንስ ደብዳቤ ይወስዳል፤ ያ ወረቀት ከማመልከቻው ጋር ሲያያዝ መዝገቡ ላይ ያለው ስም ከዕዳ ነፃ ሆኖ መነበብ ይጀምራል።