እንቅስቃሴና እርጋታ በታሲታ ዲን የፊልም ሥራዎች

«ሲኒማ» የሚለው ስያሜ የተገኘው «እንቅስቃሴ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። ይሁን እንጂ በፊልም ጥቅል ላይ የሚንቀሳቀስ አንድም ምስል የለም። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ፎቶግራፎች ከፕሮጀክተሩ መብራት ፊት ተራ በተራ ይደርሳሉ፤ እያንዳንዱም ለቅጽበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ብርሃንም የሚያልፍበት በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ጥቅሉ ወደሚቀጥለው ፎቶግራፍ በሚሳብበት ጊዜ መዝጊያው ብርሃኑን ይከልላል። ተመልካቹ ሩጫ አየሁ የሚለው እንግዲህ የቆሙ ነገሮችን ተከታትሎ በማየቱ ነው። አብዛኛው የፊልም ሠሪ ይህንን እርጋታ ለመሸሸግ ሲደክም፣ እንግሊዛዊቷ ታሲታ ዲን የሥራዋ መሠረት አድርጋዋለች።

ዲን እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. በካንተርበሪ ተወለደች። የተማረችው ሥዕል በመሆኑ ካሜራዋን እንደ ሸራ አንድ ቦታ ተክላ መጠበቅ ትወድዳለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. «በባሕር ላይ መጥፋት» በተሰኘው ፊልሟ፣ በስኮትላንድ ጠረፍ ለመርከቦች ምልክት የሚሰጥ ማማ መብራት እየዞረ ቀኑ ይመሻል፤ ከዚህ ሌላ ታሪክ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. የቀረበው «የቴሌቪዥን ማማ» ነገሩን ያጠልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. በምሥራቅ በርሊን የተመረቀው ይህ ማማ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቀስ ብሎ የሚዞር ምግብ ቤት አለው። (ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ አንዱ ዙር ከአንድ ሰዓት ወደ ግማሽ ሰዓት ማጠሩ፣ ጥድፊያ ወደዚያም መውጣቱን ያመለክታል።) ካሜራው በራሱ አይንቀሳቀስም፤ የሚዞረው ምግብ ቤቱ ነው። ተመጋቢዎች ይበላሉ፣ አሳላፊዎች ይመላለሳሉ፣ ፀሐይ ትጠልቃለች። በቀን ከተማይቱን ያሳይ የነበረው መስታወትም ጨለማው ሲበረታ የቤቱን ውስጥ መልሶ ያንጸባርቃል።

ጉዳዩ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ግን ዳንሰኛውን መርስ ከኒንግሃምን በቀረጸችበት ሥራ ነው። ጆን ኬጅ እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. የደረሰው «4 ደቂቃ ከ33 ሴኮንድ» የተሰኘው ሙዚቃ ሦስት ክፍል ሲኖረው፣ ተጫዋቹ አንዳች ሳይጫወት ይፈጽመዋል። ኬጅ እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. ሞተ። የሕይወት ጓደኛውና የሥራ ባልደረባው የነበረው ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በ88 ዓመቱ፣ በኒው ዮርክ የልምምድ አዳራሹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህንን ሙዚቃ «ደነሰው»። ረዳቱ ሰዓት ይዞ የክፍሎቹን መለዋወጥ ያመለክተዋል፤ እርሱም በየክፍሉ አቀማመጡን ብቻ ይለውጣል። ዲን ይህንን በስድስት ፊልሞች ቀርጻ፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በተተከሉ ስድስት ስክሪኖች ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. አቀረበችው። ተመልካቹ በመካከላቸው ሲዘዋወር ተንቀሳቃሹ እርሱ፣ የረጋው ዳንሰኛው ይሆናል። ሆኖም ሕይወት ያለው ሰው ፈጽሞ ቀጥ ሊል አይችልም፤ ይተነፍሳል፣ ዐይኑን ያርገበግባል። ፎቶግራፍ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በጠፋ ነበር። ከኒንግሃም በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ ያ ዝምታ ለሟች ወዳጅ የቀረበ መታሰቢያ መሆኑ ይበልጥ ተገለጠ።

ይህን የመሰለ እርጋታ የሚያዝበት ፊልም ግን ራሱ አደጋ ላይ ወድቆ ነበር። ዲን እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. «ኮዳክ» የተሰኘውን ሥራዋን የቀረጸችው በፈረንሳይ አገር፣ በሻሎን ሱር ሶን፣ ሊዘጋ በተቃረበ የፊልም ፋብሪካ ነው። ፊልም የሚሠራው በጨለማ ስለሆነ የፋብሪካው ውስጥ በሥራ ሰዓት አይታይም። በዚያን ዕለት ግን ለሙከራ ቡናማ ወረቀት በመኪናዎቹ ውስጥ ያልፍ ስለነበር መብራቱ በርቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን የምትጠቀምበት ላቦራቶሪ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ማተሙን ሲያቆም በጋዜጣ ተቃወመች። ዲጂታል ምስልም በሴኮንድ ይቈጠራል፤ ነገር ግን በእጅ ተይዞ በብርሃን ፊት የሚታይ የቆመ ፎቶግራፍ የለውም። በዚያው ዓመት በቴት ሞደርን ሙዚየም ሰፊ አዳራሽ ውስጥ «ፊልም» የተሰኘ፣ 13 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ድምፅ አልባና 11 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ አቆመች። የጥቅሉ ቀዳዳዎች ሳይቀሩ በምስሉ ግራና ቀኝ ይታያሉ። ሥራው ለክርክር የተዘጋጀ በመሆኑ የከኒንግሃምን ፊልሞች ያህል ጥልቀት የለውም፤ ጊዜው ግን ክርክር የሚያስፈልግበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ኮዳክ ከስድስት ትላልቅ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ጋር ተስማምቶ የሲኒማ ፊልም ማምረቱን ቀጠለ።