ከጀበና እስከ ማኪያቶ፦ የስኒዎቻችን ታሪክ

ቡና ፍሬው አንድ ሲሆን የመጠጡ ስም ብዙ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ኤስፕሬሶ፣ ማኪያቶ፣ ካፑቺኖ እንላለን። እያንዳንዱ ስም የወጣበት መሣሪያ፣ የፈሰሰበት ጉልበትና የተወለደበት ዘመን አለው። በጽሑፎቻችንና በመድረኮቻችን ግን ጀበና የጥንታዊነት፣ ማኪያቶ የባዕድነት ምልክት ሆነው መቅረባቸው የተለመደ ነው። ታሪክ ይህን ቀላል ክፍፍል አይቀበለውም።

በጀበና የተወቀጠው ቡና ከውሃ ጋር ይንተከተካል፤ አተላው እስኪዘቅጥም ይጠበቃል። መጀመሪያ የሚቀዳው አቦል ወፍራም ነው። በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ሲፈላ ቶና፣ እንደገና ሲፈላ በረካ ይሆናል። ሦስቱ ስሞች የአንድ ቡና ሦስት ደረጃዎች እንጂ ሦስት ዓይነት ቡናዎች አይደሉም። አቦል ከዐረብኛው «አወል»፣ ማለትም «አንደኛ» ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል፤ በረካም በዚያው ቋንቋ በረከት ማለት ነው። ስሞቹ የሙስሊም ወገኖቻችንን ድርሻ ይመሰክራሉ። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ድረስ ከደገኛው ክርስቲያን ብዙው ቡናን የሌላ ሃይማኖት ልማድ ነው ብሎ ይርቀው ነበር። ክልከላው እየላላ የሄደው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እንግዲህ ዛሬ የጋራችን የምንለው ሥርዓት ራሱ የሃይማኖት ድንበር ተሻግሮ የመጣ ነው።

ኤስፕሬሶ በአንጻሩ የፋብሪካ ዘመን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ሉዊጂ ቤዜራ የተባለ የሚላኖ ሰው በእንፋሎት ግፊት ለየጠጪው በፍጥነት ቡና የሚያወጣ መኪና ሠርቶ በስሙ አስመዘገበ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አኪሌ ጋጃ በእጅ ማንሻ የሚሠራ ፒስተን ሲጨምርበት፣ ግፊቱ ወደ 9 አትሞስፌር ገደማ ከፍ አለ፤ በስኒው ላይ የሚንሳፈፈው ወርቃማ አረፋም የዚህ ግፊት ውጤት ነው። ጀበና ረጅም ሰዓት የሚጠይቀውን መኪናው በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይፈጽመዋል። የሠራተኛው ዕረፍት በደቂቃ በሚቆጠርበት ከተማ የተወለደ መጠጥ ነውና።

ወተት ሲታከልበት ስሙ ይለወጣል። ማኪያቶ በጣሊያንኛ «ነጥብ ያረፈበት» እንደማለት ሲሆን፣ በዚያ ሀገር ጥቂት ወተት ብቻ ጠብ የተደረገበት ኤስፕሬሶ ነው። ካፑቺኖ ስሙን ያገኘው ከካፑቺን መነኮሳት ቡናማ ልብስ ነው፤ ወተቱና አረፋው ይበዛል። በእኛ ከተሞች ግን የማኪያቶው ወተት በርከት ይላል፤ ጠጪውም «ጠቆር ይበል» ወይም «ነጣ ይበል» ብሎ ያዛል።

ይህ መጠጥ የመጣበት መንገድ የደም መንገድ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሀገራችንን በወረረችበት ጊዜ ከመድፍና ከመርዝ ጋዝ ጋር የቡና ቤት ልማዷንም አስከትላ ነበር። ወራሪው ተባረረ፤ ቡና ቤቱ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1953 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመውን ቶሞካን በመሳሰሉ ቤቶች፣ በሀገሩ ቡና የከተማው ሰው ልማዱን የራሱ አደረገው።

ሁለቱንም ስናወድስ የምንዘነጋው ጉልበት አለ። ጀበናውን የምትጥድ፣ ቡናውን የምትቆላና የምትወቅጥ፣ ጢሱ ዓይኗን እያቃጠላት ሦስት ጊዜ የምትቀዳ ሴት ናት። ቡና ቤት ገብታ ማኪያቶ ያዘዘች ሴት ሌላ ሰው ያፈላላትን ቡና ጠጣች፤ ይህም ትንሽ ለውጥ አይደለም። ዛሬ በየጎዳናው ዳር ረከቦት ዘርግተው የሚሸጡ ሴቶች ደግሞ፣ በቤት ዋጋ ያልተሰጠውን ያንኑ ሙያ መተዳደሪያቸው አድርገውታል።

ስለዚህ መምህሩም፣ ደራሲውም፣ ተዋናዩም ይህን ያስቡበት። ጀበና መድረክ ላይ ሲወጣ ጌጥ ብቻ ሆኖ አይቅር፤ የምታፈላው ሴት ድምፅ ይኑራት። ማኪያቶም የውርደት ምልክት ተደርጎ አይሣል፤ ሕዝብ ከወራሪው እጅ ወስዶ በራሱ ቡናና በራሱ ልክ ያዘጋጀው ነውና።