ቃልን በመጻሕፍት ሁሉ ፈልጎ ስለ መተርጐም

የትርጓሜ መምህር አንዱን ንባብ ሲተረጕም ያለ ምስክር አያልፍም፤ ከመዝሙርም ከነቢያትም ከሐዋርያትም ተመሳሳዩን ቃል አምጥቶ «እንዲል» ብሎ ያጸናዋል። የብሉዩን፥ የሐዲሱን፥ የሊቃውንቱንና የመነኮሳቱን ትርጓሜ ያወቀው ሊቅ «አራት ዓይና» መባሉ፥ አንድ ቃል በአራቱ ጉባኤያት የት የት እንደ ተነገረ በልቡ ስለሚያይ ነው። ዛሬ ብዙ መጻሕፍትን በኮምፒዩተር አከማችቶ የቃልን አገባብ ከክምችቱ መመርመር አዲስ ጥበብ ይባላል። ለእኛ አዲስ የሆነው ግን መሣሪያው ነው እንጂ ሥራው አይደለም።

ሥራው ከልብ ወደ ወረቀት የተሻገረው እንዲህ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1652 ዓ.ም. የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ከሮም ወደ ጎታ ሄደው የግዕዝን ቃል ለኢዮብ ሉዶልፍ አስረዱ፤ ሉዶልፍም በ1661 መዝገበ ቃላቱን በሎንዶን አሳተመ። በ1865 ደግሞ ዲልማን በላይፕሲክ ያሳተመው መዝገበ ቃላት ለየቃሉ የተገኘበትን መጽሐፍና ምዕራፍ ይጠቅሳል። ድካሙ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ያየው ወደ አውሮፓ የተሻገሩትን መጻሕፍት ስለ ሆነ፥ በየገዳሙ የቀረውን አላገኘም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፥ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም የደከሙበት መዝገበ ቃላት ግን የጉባኤ ቤቱን ትምህርት ይዞ፥ በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ታተመ።

በፈረንጅ 1973 የጀመረው የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ ሥራ 9 ሺህ የሚያህሉ መጻሕፍትን አነሣ፤ ከእነዚህ ብዙውን ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ በዝርዝር መዝግበዋል። በሐምቡርግም ከ2014 እስከ 2019 ሊቃውንት የግዕዝ ድርሰቶችን በኮምፒዩተር አስገብተው፥ ለየቃሉ ዘሩንና ሰዋስዋዊ አገባቡን አያያዙ።

ጭንቁ ነገር ግን ፊደል ላይ ነው። በሃሌታው ሀ «መሀረነ» ቢል አስተማረን ማለት ነው፤ በሐመሩ ሐ «መሐረነ» ቢል ይቅር አለን ማለት ነው። በንጉሡ ሠ «ሠረቀ ፀሐይ» ፀሐይ ወጣ ሲሆን፥ በእሳቱ ሰ ቢጻፍ ፀሐይን ሌባ ያደርገዋል። በአክሱም ዘመን በድንጋይ የተቀረጸው ጽሑፍ እነዚህን ፊደሎች ለይቶ ይጽፋል፤ ኋላ ድምፁ አንድ ስለ ሆነ ጸሓፊዎች ያቀያይሩአቸው ጀመር።

እንግዲህ ኮምፒዩተሩ «መሐረ»ን ሲፈልግ ጸሓፊው በሃሌታው ሀ የጻፈውን ምሕረት ይስተዋል። ይህን ሽሽት በአማርኛ የሚሠሩ ብዙዎች ተመሳሳዮቹን ፊደሎች ወደ አንድ ይጠቀልሉአቸዋል። ለዕለት ወሬ ይህ ይበጅ ይሆናል፤ ለቅዱስ መጽሐፍ ግን ትምህርቱንና ምሕረቱን መደባለቅ ነው፤ አንድ ጊዜ የተጠቀለለውም ፊደል ብራናው ከጠፋ ተመልሶ አይታወቅም። የሚሻለው የተጻፈውን እንደ ተጻፈ አስቀምጦ፥ እውነተኛውን ዘር ከአጠገቡ መጻፍ ነው፤ ፈላጊውም በሁለቱም በኩል ያገኘዋል።

በአቃቂና በቃሊቲ አድባራት መጻሕፍት የምታስገለብጡ መምህራን ሆይ፥ ስሕተት የመሰላችሁን ፊደል እንኳ እንደ ተገኘ አስፍሩት፥ እርማቱንም በግርጌ ጻፉት፤ መጽሐፉ በየትኛው ዘመን እንደ ተጻፈ የሚያመለክት አንዱ ምልክት ይኸው ስሕተት ነውና።