የምሽግ ቆመጥ
እንጨት፣ የብረት ችንካር፣ የቆዳ ማንጠልጠያ
የብሪታንያ ጦር፣ ምዕራባዊ ግንባር (ሰሜን ፈረንሳይና ቤልጂየም)
ከ1915 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ገደማ

እንዲህ ዓይነት ቆመጦችን በአብዛኛው የሚሠሩት ከግንባሩ ጀርባ የነበሩ የጦሩ አናጺዎችና ብረት ሠራተኞች ነበሩ። ጫፉን ዙሪያውን የከበቡት ችንካሮች በወታደር ጫማ ሶል ላይ የሚመቱት ዓይነት ናቸው። ማንጠልጠያው በእጅ አንጓ ላይ ይጠልቃል፤ ቆመጡ ከእጅ ቢያመልጥም በጨለማ አይጠፋም።

መሣሪያው ያገለገለው በሌሊት ወረራ ነው። ጥቂት ወታደሮች የሽቦውን አጥር አልፈው የጠላት ምሽግ ውስጥ ይገባሉ፤ ምርኮኛና ሰነድ ይዘው ለመመለስ ይጥራሉ። የተኩስ ድምፅ ያጋልጣቸዋል። የእግረኛው ሊ-ኤንፊልድ ጠመንጃ ደግሞ ብቻውን 1.13 ሜትር ነው፤ ሳንጃ ሲሰካበት ከ1.5 ሜትር ያልፋል። ጠባብና ጥምዝምዝ በሆነው ምሽግ ውስጥ እሱን ማዞሪያ ቦታ የለም። ስለዚህ ወራሪዎቹ ቆመጥ፣ ጩቤ፣ ጠርዙ የተሳለ አካፋና የእጅ ቦምብ ይይዙ ነበር።

መትረየስና ከባድ መድፍ ሜዳውን በተቆጣጠሩበት በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ምሽግ ውስጥ የገባ ወታደር የሚዋጋው በክንድ ርቀት ነበር። የቆመጡ አጭር እጀታ የተለካው ለዚያ ርቀት ነው።